አንድ ጥርስ፦ የኮሮላዬን ታይሚንግ ቤልት ግቢዬ ውስጥ ስቀይር

ሐሙስ ማታ

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትሩ ነው፤ ማርሿ በእጅ። ከገዛኋት ሁለት ዓመት አለፈ። ስገዛት "ታይሚንግ ቤልቱ በቅርቡ ተቀይሯል" ተብዬ ነበር። በቅርቡ ማለት መቼ ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ላይ? የተጻፈ ነገር የለም። ቤልቱ የፒስተኖቹንና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጅ ባለ ጥርስ የላስቲክ ቀበቶ ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። እኔ ግን ከየት ጀምሬ እንደምቆጥር አላውቅም። ታሪኩ የማይታወቅ ቤልት ደግሞ እንዳለቀ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቅዳሜ ልከፍተው ወስኛለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። መኪናዋ ዳገት ላይ ትሰንፋለች። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ አይሸከማትም። ሁለተኛ ካላስገባሁ ትንፋሿ ይቆረጣል። ነዳጅም ትጠጣለች። ያማከርኳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ?" እውነትነት አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ ጉልበት ያጣል። ግን የጎረቤቴ ኮሮላ፣ ያችው ሞተር ያላት፣ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ነው የምትወጣው። ከፍታው ለሁለታችንም አንድ ነው።

ከጎኔ የሚሆኑት ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። "እጄን አላስገባም፤ አንተ ሥራ፣ እኔ አያለሁ" ብለውኛል። የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

ዓርብ፣ ሶማሌ ተራ

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ዕቃ ፍለጋ ሄድኩ። ዝርዝሬ አጭር ነበር፦ ቤልቱ፣ ቤልቱን የሚወጥረው የማጥበቂያው ኩሽኔታ ከነስፕሪንጉ፣ የክራንክ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እና የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ኦይል ሲል፣ ማለትም ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ቀለበት፣ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጋርኒሲዮን። የውሃ ፓምፕ አልገዛሁም። በብዙ መኪና ታይሚንግ ቤልቱ የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር አብሮ መቀየር ብልህነት ነው። በዚህ ሞተር ግን ፓምፑን የሚያዞረው የውጪው ቺንጋ ነው። ሲበላሽ ለብቻው ይደረስበታል።

ኩሽኔታ ስትገዙ ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ አዙሩት። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ እንደ እንዝርት ተሽከረከረ፤ "እዩት እንዴት እንደሚዞር!" አለኝ ልጁ ደስ ብሎት። እኔ ግን መለስኩት። ግሪስ በደንብ የሞላው አዲስ ኩሽኔታ ያለ ድምፅ፣ ትንሽ ክብደት እያለው ነው የሚዞረው። ስትለቁት ቶሎ ይቆማል። ዝርርር እያለ ለብቻው የሚሽከረከር ከሆነ ውስጡ ደረቅ ነው። አራተኛው ሱቅ ላይ የምፈልገውን አገኘሁ።

ቤልቱን የገዛሁት ካልገጠመ ልመልሰው ተስማምቼ ነው። አሮጌው ሲወጣ የሁለቱን ጥርስ ቆጥሬ፣ ስፋታቸውን ጎን ለጎን አድርጌ አያለሁ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

መኪናዋን የግቢው ሲሚንቶ ላይ አቆምኩ። ሞተሩ ሌሊቱን በርዷል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። የቀኙን የፊት ጎማ ዳዶዎች መሬት ላይ ሳለች አላላሁ፤ ከዚያ በክሪክ አነሳኋት። ከሥሯም የብረት ማቆሚያ አስገባሁ። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። ጋሼ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይቀየራል። በወጣትነታቸው አብሯቸው ይሠራ የነበረ ልጅ እንዴት እንደተጎዳ ነግረውኛል።

የቤልቱ ሥራ በጋቢናው ተሳፋሪ በኩል ነው ያለው። ጎማው ሲወጣ የክራንክ ፑሌጃው፣ ቺንጋዎቹን የሚያዞረው ክብ ብረት፣ ፊት ለፊት ይታያል።

4 ሰዓት

የውጪዎቹን ቺንጋዎች አላልቼ አወጣሁ። የካንዴላ ገመዶቹን በፕላስተር ቁጥር ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ነቀልኳቸው። አራቱንም ካንዴላ አወጣሁ። ካንዴላ ሲወጣ ሞተሩ አየር አያምቅም፤ በእጅ ሲዞር ይቀላል። የቴስታታውን ክዳን አነሳሁ። ውስጡ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ግን ዝቃጭ የለውም። ዘይቱን በየጊዜው መቀየሬ ታየ፣ ደስ አለኝ።

ቀጥሎ ሞተሩን ከሥር መደገፍ ነው። ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የቀኙ የሞተር ጎሚኒ ካልተፈታ ቤልቱ አይወጣም። ክሪኩ ላይ ሰፊ ጣውላ አስቀምጬ የዘይት ኮፓውን ደገፍኩ። ጣውላው ከሌለ ኮፓው ይጎደጎዳል። ክብደቱን ለመቀበል ያህል ብቻ ነው፣ ማንሳት የለም። ከዚያ ጎሚኒውን ፈታሁ። የቤልቱ መሸፈኛ ሦስት ክፍል ነው፤ ሁሉም በ10 ቁልፍ ይፈታል። ከታችኛው በቀር አወጣኋቸው። የታችኛው የክራንክ ፑሌጃው ካልወጣ አይወጣም።

ቤልቱ ታየ። ጀርባው ላይ የተጻፈው ጠፍቷል። ጎበጥ አድርጌ ሳጥፈው እንደ ደረቀ የወንዝ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ይላል። ከታች በኩል ጠርዙ በዘይት ርሷል። ላስቲክ ዘይት ሲጠጣ ይላላል፣ ጥርሱም ይለቃል። "ይሄ በቅርቡ የተቀየረ ነው?" አልኳቸው ጋሼን። ቤልቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ዝም አሉ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ምልክቱ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ።

የሞተሩ ሥራ በዚህ ቤልት ነው የሚቀናጀው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ለዚህ ነው የላይኛው ጥርስ ከታችኛው እጥፍ የሚሆነው። ቤልቱ አንዱን ካምሻፍት ያዞራል፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ከውስጥ በጥርስ ያዞራል። ፒስተኑ የት ሲደርስ ቫልቩ እንደሚከፈት የሚወስነው ይህ አሰላለፍ ነው። አምራቹ ምልክት አድርጎለታል። ታች፣ ፑሌጃው ላይ ያለው ስንጥቅ መሸፈኛው ላይ ካለው 0 ጋር ይገጥማል። ላይ፣ የካምሻፍቱ ፑሌጃ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ከኋላዋ ካምሻፍቱን ከሚይዘው የመጀመሪያ ካፕ ምልክት ጋር ትገጥማለች። አሮጌው ቤልት ሳይወጣ ሁለቱም መግጠማቸውን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

በ19 ቡሶላ ክራንኩን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ታች 0 ላይ ቁጭ አለ። ላይ አልገጠመም። ቀዳዳዋ ከምልክቱ ትንሽ ቀርታለች።

መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ቦታው ጠባብ ነው፣ የምታየው በጎን ነው። የባለቤቴን የቦርሳ መስታወት አምጥቼ ፊት ለፊት አየሁ። ያው ነው። ቀጥሎ ፑሌጃውን ጠረጠርኩ። የክራንክ ፑሌጃ መሐሉ ላስቲክ ስለሆነ በዕድሜ ብዛት የውጪው ቀለበት ሊንሸራተት ይችላል። ከተንሸራተተ 0 የሚያሳየው ውሸት ነው። ጋሼ "ፒስተኑን ጠይቀው" አሉኝ። የእናቴን የስፌት ስንደዶ አንድ ዘለላ ለመንኩና በአንደኛው ካንዴላ ቀዳዳ አስገባሁት። ስንደዶ ረጅም ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ አይቧጭርም። ክራንኩን ቀስ እያልኩ ሳዞር ስንደዶው ወደ ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ መውረድ ጀመረ። የቆመበት ቦታ 0 ላይ ነው። ፒስተኑ እውነቱን ነው የሚናገረው፦ ታች ልክ ነው፣ ላይ ነው የተሳሳተው።

አንድ ጥርስ። የመጨረሻው ሰው ቤልቱን ሲያስገባ ካምሻፍቱን አንድ ጥርስ አዘግይቶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቫልቮቼ ሰዓታቸውን እያሳለፉ ነበር የሚከፈቱት።

ጋሼ መብራቱን እሳቱን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አዞሩ። "እስኪ ይሄንን ቡሎን ተመልከት" አሉኝ። ዲስትሪቢዩተሩን የሚይዘው ቡሎን በረጅም ቀዳዳ ውስጥ ነው ያለው፤ መሐል አካባቢ መሆን ሲገባው ጫፍ ድረስ ተገፍቷል። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ካምሻፍቱ ነው። ካምሻፍቱ ሲዘገይ እሳቱም ይዘገያል። ያ ሰው እሳቱ መዘግየቱን አይቷል፤ ቤልቱን ግን አልጠረጠረም። ዲስትሪቢዩተሩን አዙሮ አስታረቀው። እሳቱ ተስተካከለ፣ ቫልቮቹ እንደተሳሳቱ ቀሩ። ከፍታው ያለስሙ ተወቀሰ።

በጣም ተናደድኩ። ጋሼ ግን "ልጄ፣ ነገ ሌላ ሰው ይሄን ሲከፍት ያንተን ሥራ ነው የሚያየው" ብለው ምሳ እንድንበላ ጠሩኝ።

ከሰዓት በኋላ

የክራንክ ቡሎን ከባድ ነው። አምስተኛ ማርሽ አስገባሁ። ጎማው ስለወጣ ዲስኩ እንዳይላቀቅ ሁለት ዳዶ መልሼ አሰርኩ። ወንድሜ ፍሬኑን ረገጠ። የቁልፉ እጀታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ቧንቧ አጥልቄ ወደ ታች ተጫንኩ። እንደ ጥይት ጮኸና ተፈታ። ፑሌጃውን በሁለት ካቻቢቴ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አወጣሁት። የታችኛው መሸፈኛ ሲወጣ የክራንኩ ትንሽ ጥርስ ታየ። እሱም ላይ ምልክት አለ፤ የዘይት ፓምፑ ገላ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ሦስተኛ ምስክር መሆኑ ነው። እሱም ከስንደዶው ጋር ተስማማ።

ማጥበቂያውን አላልቼ ቤልቱን አወጣሁ። ጥርሶቹን ቆጠርን፤ እኔና ወንድሜ በየተራ፣ የአሮጌውንም የአዲሱንም። እኩል ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስቀምጥ፣ ሌላ መኪና ያለው ሰው ሊያነበው ስለሚችል። 4ኤ-ኤፍኢ ቤልቱ ቢበጠስ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። ቤልቱ ወጥቶ ካምሻፍቱን ለብቻው ባዞረውም የሚመታ ነገር የለም። የሃይሉክስና የሃይየስ ናፍጣ ሞተሮች፣ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ግን እንደዚህ አይደሉም። ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቭ ይታጠፋል። ዳሽ ቦርዱ ላይ ቤልቱ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ የሚበራ "ቲ-ቤልት" የሚል መብራት የተደረገው ለዚህ ነው። ያን መብራት አምፖሉን አውጥተው ያጠፉት ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ቪትዝና ከ2000 ወዲህ ያሉት አብዛኞቹ ቤንዚን ኮሮላዎች ሰንሰለት ነው ያላቸው፤ ይህ ጽሑፍ እነሱን አይመለከትም።

የክራንኩ ኦይል ሲል ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። ቤልቱን ያረሰው ዘይት የመጣው ከዚህ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልዬ ዘንጉን ሳልነካ ነቀልኩት። አዲሱን ከንፈሩን ግሪስ ቀብቼ፣ በልኩ በተቆረጠ የፕላስቲክ ቱቦ ዙሪያውን እኩል እየመታሁ አስገባሁ። ከፓምፑ ፊት ጋር እኩል ሲሆን አቆምኩ። የካምሻፍቱንም ቀየርኩ። ፑሌጃውን ስፈታ ካምሻፍቱን ራሱ ላይ ባለው ባለ ስድስት ጎን ቦታ በቁልፍ ያዝኩት፤ ስመልሰው በ59 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁ።

መሸ። እጃችንን ታጥበን ገባን።

እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ

አዲሱን ቤልት ይዤ ተቀመጥኩ። አይጠመዘዝም፣ አይታጠፍም፣ ዘይት አይነካውም። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ካምሻፍቱን ምልክቱ ላይ አቆምኩ። ክራንኩን ምልክቱ ላይ አቆምኩ። ማጥበቂያውን ወደ ጎን ገፍቼ ለጊዜው አሰርኩት። ቤልቱን ከታች ጀምሬ ወደ ላይ አስገባሁ። ማጥበቂያውን ስለቀው ስፕሪንጉ ሳበው። አየሁ፤ ሁሉም ይገጥማል። ከዚያ ክራንኩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩ። ታች 0። ላይ፣ ቀዳዳዋ እንደገና ከምልክቱ ትንሽ ቀረች።

ያ ሰው የት እንደተሳሳተ አሁን ገባኝ። ማጥበቂያው በሌለበት በኩል ያለው የቤልቱ ወገን ገና ሲገባ የተወጠረ መሆን አለበት። ትንሽ እንኳ ላላ ካለ ማጥበቂያው ያን ልል ሲስበው ካምሻፍቱ ይዞራል። ስታስገባው የሚያምር ይመስላል፤ ሁለት ዙር ካላዞርከው አታውቀውም። ያ ሰው ሁለቱን ዙር አላዞረም። የጎደለው ሁለት ደቂቃ ነው።

አውጥቼ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ቤልቱን ካምሻፍቱ ላይ በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ያዝኩት። የተወጠረውን ወገን በግራ እጄ እየሳብኩ፣ ታችኛው ጥርስ ላይ ጠቅ እስኪል አስገባሁ። ከዚያ ማጥበቂያውን ለቀቅሁ። መቆንጠጫዎቹን አወጣሁ። ሁለት ዙር። ታች 0፣ ላይ ቀዳዳዋ መሐል ላይ። ሌላ ሁለት ዙር። ያው። በመስታወቱ አየሁ፣ ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት፣ ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው አዩ። "ይበቃል" አሉ።

የማጥበቂያውን ቡሎን በ37 ኒውተን ሜትር አሰርኩት። ቤልቱን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይገባል። ልኩ ነው። መሸፈኛዎቹ ተመለሱ፣ ፑሌጃው ገባ፣ ቡሎኑ 118 ኒውተን ሜትር። ቶርክ ቁልፉን የተዋስኩት ከጋሼ ነው። ጎሚኒው፣ ካንዴላዎቹ፣ ክዳኑ ከአዲሱ ጋርኒሲዮን ጋር፣ ቺንጋዎቹ፣ ባትሪው። ይህኛው ክፍል ብዙ የሚነገር የለውም። የፈታኸውን መመለስ ነው፤ ትሪው ላይ የተረፈ ቡሎን እንዳይኖር ብቻ።

9 ሰዓት፣ ማስነሳት

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ዞረና ግው ብሎ ተመለሰ። እንደገና። ግው። ልቤ ወረደ። ጋሼ ግን ፈገግ አሉ። "ቫልቩን አስተካከልክ፤ እሳቱ ግን አሁንም ያንን ስህተት ሊያስታርቅ እየሞከረ ነው" አሉኝ።

እውነት ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ጫፍ ላይ እንደተገፋ ነው። ካምሻፍቱ ወደ ቦታው ሲመለስ እሳቱ በጣም ቀደመ። ፒስተኑ ገና ሳይደርስ ይፈነዳል፣ ወደ ኋላ ይገፋል። ቡሎኑን አላልቼ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ መሐል መለስኩት። ቁልፉን አዞርኩ። በግማሽ ዙር ተነሳች።

ሞተሩ እስኪሞቅ ጠበቅን። ኮፈኑ ሥር "ዲያግኖሲስ" የሚል ጥቁር ሳጥን አለ። ክዳኑን ከፍቼ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘሁ። ይህ ካልሆነ ኮምፒውተሩ እሳቱን በራሱ ስለሚያንቀሳቅስ ልኩ አይታወቅም። ዳሽ ቦርዱ ላይ የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አያስደንግጣችሁ። ጋሼ የታይሚንግ መብራታቸውን አንደኛው ካንዴላ ገመድ ላይ ቆንጥጠው ወደ ፑሌጃው አበሩ። ስንጥቁ ላይ ትናንት ነጭ ቀለም ነካ አድርጌበት ነበር። በመብራቱ ብልጭታ የቆመ መስሎ ይታያል። ዲስትሪቢዩተሩን በጣቶቼ፣ በጣም በትንሹ አዞርኩት፤ ነጯ መስመር እየተንፏቀቀች መጥታ ልኳ በሆነው 10 ላይ ቆመች። ቡሎኑን አሰርኩ። ሽቦውን ነቀልኩ።

የሞተሩ ድምፅ ሌላ ነው። ክዳኑ ላይ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥን፤ ውሃው ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ነው የሚርገበገበው።

ማክሰኞ ጠዋት

ጋሼን ጋቢና አስቀምጬ ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ወጣን። አሜሪካ ኤምባሲ ጋ ስንደርስ እጄ በልማድ ወደ ማርሹ ሄደ። "ተዋት" አሉኝ። ተውኳት። ሽሮ ሜዳን በሦስተኛ አለፍናት፤ የሀገር ልብስ ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነበር። ወደ እንጦጦ የሚወስደው ኩርባ ላይ ሁለተኛ አስገባሁ፤ እዚያ ግን ሁሉም መኪና ያስገባል። ከላይ ቆመን ኮፈኑን ከፈትኩ። የሚንጠባጠብ የለም፣ የሚሸት የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ 500 ኪሎ ሜትር

የላይኛውን መሸፈኛ ከፍቼ አየሁ። ቤልቱ ደረቅ ነው፤ ጠርዙ አልተበላም፤ መሐል ላይ ነው የሚሄደው። ከክራንኩ ኦይል ሲል ሥር ያሰርኳት ነጭ ጨርቅ እንደነጣች ናት። የመሪው ቺንጋ ጠዋት ጠዋት ይጮህ ነበር፣ ትንሽ አጠበቅሁት፣ ተወ። ነዳጁን በየሙሌቱ እየጻፍኩ ነው፤ ሦስት ሙሌት ስለማይበቃ ቁጥሩን ቆይቼ እጨምራለሁ።

መሸፈኛውን ከመመለሴ በፊት ውስጡ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር ጻፍኩበት፦ ቤልት፣ ኩሽኔታ፣ ሁለቱ ኦይል ሲል፤ 187,460 ኪ.ሜ.፤ ሁለት ዙር ታይቷል።